ቦታ ሲናገር

አንባቢ ሆይ! አንደበት ሳይኖረው ታሪክ የሚያወራ ነገር አጋጥሞዎት ያውቃልን? ሰው በሌለበት ቤት ገብተው የቀዘቀዘ ምድጃ፣ ቡና እንደያዘ የቀረ ስኒና ያልተዘጋ በር ቢያዩ፣ ባለቤቶቹ በድንገት መውጣታቸውን ማንም ሳይነግርዎ ይረዱታል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ዓይነቱ አነጋገር ነው።

እኔ ይህን የማስተዋል ልማድ ያገኘሁት፣ ነገሩ ቢያስቅዎም፣ ከኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን» አያሌ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው የሚጫወቱት፣ ጎራዴና አስማት የሞላበት የምናብ ዓለም ነው። የቸኮለ ተጫዋች ጠላቱን ጥሎ ወርቁን አንሥቶ ይሮጣል። ረጋ ብሎ ለሚመለከት ግን የፈረሰው ግንብ፣ የወደቀው አጽም፣ የተተወው ሰፈር ሁሉ የሚነግረው አለ። ለዲዝኒ የመዝናኛ ቦታዎችን ይነድፍ የነበረው ዶን ካርሰን በ1992 ዓ.ም. ስለዚህ ጥበብ ለጨዋታ ሠሪዎች ጽፎ ነበር፤ ዋና አሳቡም ታሪኩን ቦታው ራሱ ይንገረው የሚል ነው።

እንግዲህ ይህን ዓይን ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ጋምቤላ ይምጡ። በሥራ ጉዳይ እዚያ በከረምሁበት ጊዜ ከቢሮ ስወጣ ወደ ባሮ ዳር መውረድ ልማዴ ነበር። ወንዙ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ ሜዳውን ሲይዝ ይረጋል፤ ከዚያም በሶባት አድርጎ ከነጭ ዓባይ ይገናኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ከ5 ዓመት በኋላም የጋምቤላ ወደብ ሥራ ጀመረ። የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ እያመጡ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ወደ ካርቱም ይወስዱ ነበር።

አሁን ከአንድ አሮጌ መጋዘን ፊት ይቁሙና ይጠይቁ። ይህን ያህል ሰፊ ቤት ለምን አስፈለገ? መርከብ ይመጣ የነበረው ባሮ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነው። በበጋ ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደው ቡና የወንዙን መሙላት መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የቤቱ ስፋት የጥበቃውን ርዝመት ይነግርዎታል። ከፍ ካለ መሬት ላይ መቆሙስ? ዳርቻውን ጥሶ የሚወጣውን የክረምት ውሃ ያሳስብዎታል። ይኸው፣ ጽሑፍ ሳያነቡ የአንድ ዓመት ንግድ አነበቡ!

ይሁን እንጂ በጨዋታውና በከተማው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በጨዋታው ዓለም እያንዳንዱን አጽም ሆን ብሎ ያስቀመጠ ሠሪ አለ። በጋምቤላ ግን ለእኛ ብሎ ያስቀመጠ የለም፤ ጎርፍ ያነሣዋል፣ ብረት ለቃሚ ይወስደዋል። ከዚያም በላይ፣ የነጋዴው መጋዘን ዘመን ሲሻገር የተሸካሚው ጎጆ ብዙ ክረምት አያልፍም። አንድ የአኙዋ አዛውንት፣ አባታቸው በወደቡ ጆንያ ይሸከሙ እንደ ነበር አጫውተውኝ፣ ጎጆአቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው አመለከቱኝ። ያየሁት ሣር ብቻ ነው። እርሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ ያን ሣር ማን ያነበው ነበር? ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ሽማግሌ መጠየቅ፣ የውል ወረቀትም መመርመር ያሻል።

የወደቡን ፍጻሜም የምናገኘው ከውሉ ላይ ነው። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ምክንያቱ አበቃ፤ ቦታውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ እኔ ደግሞ አይተው ያላስተዋሉትም አይናፍቅም እላለሁ። ተማሪ ከሆኑ በከተማዎ ያለውን አሮጌ ነገር ለምን እዚያ እንደ ቆመ ይጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም አንድ ቀን «አሮጌ ንብረት ይወገድ» የሚል ደብዳቤ ከጠረጴዛዎ ላይ ይደርስ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመፈረምዎ በፊት ተነሥተው ይሂዱ፣ ንብረቱን በዓይንዎ ይዩት፣ በአቅራቢያው የሚኖሩትንም ሽማግሌ ይጠይቁ። ብረቱ በኪሎ ይሸጥ ይሆናል፤ የሚያወራው ታሪክ ግን አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይገዛም።