ጣናን ለመሻገር ጀልባ ከመኮናተርዎ በፊት

ወገዳ ላይ ሆነው ስለ ጣና ሲያስቡ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስልዎ ይችላል። ነገር ግን ከስማዳና ከእስቴ ደጋ ግርጌ በጥልቁ ሸለቆ የሚወርደው ዓባይ፣ በባሕር ዳር በኩል ከጣና የወጣው ያው ውሃ ነው። ስለዚህ የስማዳ ሰው የጣና ጎረቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ጎረቤት ለመጠየቅ የሚነሱ እኅቶቻችን ግን አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቁት ነገር ያጋጥማቸዋል።

ለዚህም አብነት የሚሆነንን አንዲት የወገዳ እናት አጫውተውናል። እኒህ እናት ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠላውም ከእንቁላሉም ሽያጭ ሣንቲም ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ አሥራ አንድ ሆነው ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። ወደቡ ላይ አንደበቱ የጣፈጠ ደላላ ተቀበላቸውና «አምስት ገዳም አሳልማችኋለሁ» ብሎ ገንዘቡን ከነሙሉው ተቀበለ። ጀልባው መጀመሪያ የደረሰው ክብራን ገብርኤል ነው፤ ሴት አይገባም። ከዚያ ብዙ ሰዓት ተጉዘው ዳጋ እስጢፋኖስ ደረሱ፤ እዚያም ሴት አይገባም። «እንግዲያስ ናርጋ ሥላሴ ውሰደን» ሲሉት የተጨማሪ ነዳጅ ተጠየቁ። ይህን ሲከራከሩ ነፋሱ ተነሣ፤ ጀልባ ነጂውም ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ልጄ፣ የገዳሙ ሕግ አላስከፋኝም፤ ጥንትም የነበረ ነው» አሉን። «ያስከፋኝ እያወቀ ገንዘባችንን የተቀበለው ሰው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሴት የማይገባበት ገዳም በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ በግሪክ አገር የአቶስ ተራራ ገዳማት ያሉበት ምድር በሙሉ ለሴቶች ዝግ ነው። ቁም ነገሩ ሕጉን አስቀድሞ ማወቅና ጉዞን በዚያው መጠን ማሰናዳት ነው።

እንግዲህ በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው ይህ ነው። ከጣና ደሴቶች መካከል ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ለወንዶች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። በአንጻሩ በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ከክብራን አጠገብ ያለው የመነኮሳዪያት ገዳም እንጦስ ኢየሱስ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም፣ በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴም ሴቶችን ይቀበላሉ።

ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ የቆመችው ወለተ ጴጥሮስ በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ማኅበረ መነኮሳት አቋቁማለች። በመሆኑም ጣና ለሴቶች ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የውል ጉዳይ ነው። በወደቡ ላይ ፈጥኖ ከቀረበዎ ሰው ጋር ወዲያው አይስማሙ። ቢያንስ ሦስት ጀልባ ይጠይቁና ዋጋ ያነጻጽሩ። የሕዝብ ጀልባ የሚነሣበት ቀንና ሰዓት እንዳለም ይጠይቁ። አስጎብኚውን መታወቂያውን እንዲያሳይዎ ቢጠይቁት ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያከብር ሰው በዚህ አይቀየምም።

ዋጋ ሲነገርዎ የሚከተለውን ይለዩ። ክፍያው በሰው ነው ወይስ ጀልባውን በሙሉ በኮንትራት? ነዳጁ ገብቶበታል? የአስጎብኚው ድካም ዋጋስ? ጀልባው በየገዳሙ ስንት ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል? የገዳሙ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚከፈል ስለሆነ በእጅዎ ይክፈሉና ደረሰኝ ይቀበሉ። የሚሄዱባቸውን ገዳማት ስም በየተራው በወረቀት አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙበት። ፊደል የቆጠረ ልጅ አብሮ ካለ ይህን ሥራ ለእርሱ ይስጡት። ገንዘቡንም በሙሉ አስቀድመው አይስጡ፤ ግማሹን ሲነሡ፣ ግማሹን ሲመለሱ ይክፈሉ።

ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ከወገዳ ሳይነሡ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በወረታ በኩል እስከ ባሕር ዳር ያለውን የመንገድ ሁኔታ ያጣሩ። ቀብድ አስቀድመው የሚልኩ ከሆነ፣ መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይስማሙ።

ሐይቁን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣና ጠዋት ረጋ ብሎ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ በማለዳ መነሣት ይበጃል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናት ጭምር፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ሳይሳፈሩ በዓይንዎ ቆጥረው ያረጋግጡ። ከጎደለ አይሳፈሩ። ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ጀልባው ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ይንገሩ። ሐይቁ የቢልሃርዚያ በሽታ ያለበት ስለሆነ ልጆች ዳር ላይ እንዳይዋኙ፣ እግራቸውንም ውሃ ውስጥ እንዳይነክሩ ይቆጣጠሩ። የሚጠጣ ውሃ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከቤት መያዝ ወጪም ይቀንሳል።

ነጠላና ረጅም ቀሚስ አይርሱ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ ይወልቃል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ የታወቀ ስለሆነ የጉዞውን ቀን ሲቆርጡ ይህንንም በማኅበሩ ውስጥ በግልጽ መነጋገር ጥሩ ነው። ከመጡ በኋላ ደጅ ከመቅረት አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴን በተጨማሪ ልሳይዎ የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ ብዙ ውሃ ወደዚያ ስለሚሄድ ፏፏቴው በበጋ እንደ ቀድሞው አይሞላም። ለማየት ካሰቡ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢሆን ይመረጣል።

እኒያ የወገዳ እናት ዛሬም ተስፋ አልቆረጡም። ማኅበርተኞቹ እንደገና ማጠራቀም ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ግን የሚሄዱባቸውን ሦስት ገዳማት በልጃቸው ልጅ ደብተር ላይ አስጽፈዋል፤ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም። ሦስቱም ለባሕር ዳር ቅርብ ናቸው፤ ሦስቱም በራቸው ለሴት ክፍት ነው። «ናርጋን ለብቻዋ ቀን እንቆርጥላታለን» ብለውናል።

እርስዎም ማኅበርተኞችዎን ሰብስበው ከመነሣትዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። የላብዎ ዋጋ ነውና በጥንቃቄ ይጓዙ። መልካም መንገድ።