ጉዲት በገርጂ

ገርጂ ካለች አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ፣ ሦስት ሆነን በአንድ ወንበር ተጠጋግተን ነው ዮዲት ጉዲትን ያገኘናት። «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲጨምር ባለታሪክ ያደረገው እሷን ነው።

ባለሾተሉ ወታደር ደስ አሰኘን። ፈጥኖ ይደርሳል፣ አጥብቆ ይመታል፤ ቀስት ሲዘንብበት ግን ቶሎ ይወድቃል። የእኛው ሰው ነው እኮ!

በዮዲት ግን ተጣላን። ከልጅነታችን የሰማናት አክሱምን ያቃጠለች ናት፤ ጨዋታው ተወንጅላ የተሰደደች ልዕልት አደረጋት። አንዳችን «ኧረ ታሪካችንን አበላሹት!» ብሎ ተነሣ።

ወደ መገናኛ በእግር ስንመለስ ግን ዝም አልን። እነሱ ምን በድለዋት ነው ብለው ጠየቁ። እኛ «እሳቶ» የሚል ስም አውጥተን አለፍን። ምክንያት የሌለው ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት ነው።

እንግዲህ ነገ ብዕሩ በእጃችን ሲገባ፣ ጠላት ለምንለው ሰው ምክንያት እንሰጠው ይሆን?