ጣሪያ የሌለው ወንበር

ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ የአሜሪካ አውቶሞቢል የተሠራው ለመታየት ነው። ጣሪያው ሲነሣ የመኪናው አካል ጥንካሬውን ያጣል፤ ስለዚህም ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ብረት ይበየድለታል። ያ ሁሉ ልፋት ተሳፋሪው ከመንገድ ዳር ለቆመው ሕዝብ ገሐድ እንዲሆን ነው። የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሲገዙ ከቀለሙ አስቀድመው ወለሉን ይመረምራሉ፤ ሸራው ያሳለፈው ዝናብ የሚጠራቀመው፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነውና።

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ፣ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ክፍት ሊንከን ኮንቲኔንታል ተቀምጠው በሕዝብ መካከል አለፉ። ከ52 ቀን በኋላ ኬኔዲ ዳላስ ላይ በዚያው መኪና እንዳሉ ተገደሉ። መኪናው አልተጣለም፤ የማይነሣ ጣሪያና ጥይት የማይበሳው መስተዋት ተበጅቶለት ተጨማሪ ዓመታት አገለገለ። ዛሬ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆሟል። አያያዙ የሚያስመሰግን ነው፤ የተጠበቀው ግን ያ ክፍት መኪና አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ባለጣሪያ ቮልስዋገን ነበር።

ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ አሰላ ላይ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ክፍት አውቶሞቢል ምን ይሠራል? ሆኖም የአርሲ ደጋ ጣሪያ የሌለው ተሽከርካሪ አጥቶ አያውቅም። የፈረስ ጋሪውን አንባቢ ስለሚያውቀው ይታለፍ። ነገሩ ያለው ትራክተሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማገዝ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የስንዴውን ምርት ከፍ ሲያደርጉት ግን ባለርስቱ መሬቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ ተረዳ፤ ትራክተር ገዛ ወይም ተከራየ፤ ጭሰኛውንም አስነሣ። በጥማድ በሬ ሲያርስ የኖረው ቤተሰብ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሲወጣ፣ ማሳው መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው የትራክተሩ ነጂ ነበር። እርሱም ቢሆን ዝናቡ ይመታዋል፤ ተቀጣሪ እንጂ ባለቤት አልነበረም። የሚፈናቀለው ሰው ቁጣውን በማን ላይ ያሳርፍ? ባለርስቱ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ከተማ ነው። ለቴያትር ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። የዚያ ዘመን ትራክተር ዛሬ ቢገኝ ሰብሳቢ የሞተሩን ቁጥርና የቀለሙን ዓይነት ይጠይቃል፤ ስንት ጎጆ እንደተዘጋ የሚመዘግብ ሰሌዳ አልተለጠፈበትም። ወንበሩን ግን ማየት ይገባል። በብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች ላይ እንደ ሳሕን የጎደጎደ ብረት ነው፤ የዘነበው ውሃ ከነጂው ሥር ወደ መሬት እንዲወርድም ተበሳስቷል።