ባዶ መደርደሪያና አንድ የዱቤ ደብተር

እኛ መርሳ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለችን ባልና ሚስት ነን። ሸቀጣችንን ከወልድያና ከደሴ እናመጣለን፤ ደንበኞቻችን በአብዛኛው የሐብሩ ገበሬዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳነው ተምረው ሥራ ያጡ ወጣት ዘመዶቻችን ደጋግመው «በዚህ ኑሮ እንዴት ነግዳችሁ ትኖራላችሁ?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። ዕውቀት አለን ብለን አይደለም። ከሁለታችን አንዳችንም ንግድን ትምህርት ቤት ገብተን አልተማርንም፤ አብዛኛውን ያስተማረን ኪሳራ ነው።

ከእኛ ወንዱ ንግድን የጀመረው ወልድያ ላይ በሱቅ በደረቴ ነበር። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ምላጭ፣ መርፌና ክር፣ የባትሪ ድንጋይ በካርቶን አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መናኸሪያና ማክሰኞ ገበያ ይውላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ገና ሲነጋ ገበያው መግቢያ ላይ ቆሞ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ገበሬ «ግዙኝ፣ ግዙኝ» ሲል ድምፁ እስኪዘጋ ይጮህ ነበር፤ የሚገዛው ግን አልተገኘም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ጠሩትና «ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ ዶሮውን ገና አልሸጠም። በምኑ ይግዛህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ውሎ ከስድስት ሰዓት በኋላ ወደ ገበያ መውጣት ጀመረ። ሸቀጡ ያው፣ ልጁም ያው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ካርቶኗ ግን ማታ ማታ ባዶዋን ትገባ ጀመር።

መርሳ ላይ ሱቅ ስንከፍት ያንኑ ነገር በዓመት ደረጃ አየነው። በሐብሩ ማሽላና ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ገበሬው ብር ይይዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎተራውም ኪሱም ይራቆታል። በጊራና በኩል በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙት ብር የሚያገኙበት ወቅት ሌላ ነው። መንግሥት ሠራተኛው የወር መጨረሻን ይጠብቃል። ረመዳን በበኩሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንዴ ከአዝመራ ጋር፣ አንዳንዴ ከችግር ወራት ጋር ይገጥማል። ተምርና የሾርባ እህል፣ የሳምቡሳ ዱቄት ስንት እንደምናስገባ የምንወስነው ይህን አይተን ነው። እነዚህን ሁሉ ያላወቀ ነጋዴ ነሐሴ ላይ ሱቁን በሸቀጥ ሞልቶ ደንበኛ የሚጠፋበት ምክንያት አይገባውም።

ነሐሴ ላይ ታዲያ ሰው አይበላም? ይበላል፤ በዱቤ። ስለዚህ የእኛ ትልቁ ንብረት ሁልጊዜም መደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ ሳይሆን ያቺ ጠርዟ የተበላች ደብተር ነበረች። ረጅሙ የቁርኣን አንቀጽ በአል-በቀራ ምዕራፍ ውስጥ የሚገኘውና ስለ ብድር አጻጻፍ የሚናገረው መሆኑን ያወቅነው ሱቅ ከከፈትን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አንድ ኡስታዝ በሱቃችን ደጃፍ ሲያልፉ ደብተራችንን አይተው ነገሩን። አጻጻፋችን ግን ከዚያ በፊትም ያው ነበር። ስሙን፣ የወሰደውን፣ ዋጋውን፣ ቀኑን እንጽፋለን፤ ጽፈን እዚያው ጮክ ብለን እናነብለታለን። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ልጁ ወይም ጎረቤቱ እንዲያይ እናደርጋለን። አንዳንዱ «አታምኑኝም እንዴ?» ብሎ ይቀየማል። «የማናምነው የራሳችንን ጭንቅላት ነው» እንላለን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ወልድያን ሲይዝ አካባቢያችንም አብሮ ተያዘ። ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደሴ ሸሸን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም ደሴም ስትያዝ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ከሱቃችን የወጣው ነገር ቢኖር ከእኛ ሴቷ በልጆች ልብስ መሐል ጠቅልላ የያዘቻት ደብተር ብቻ ናት። ያን ጊዜ ከእኛ ወንዱ «ስኳሩን ትተሽ ወረቀት?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ዛሬም ስናነሳው እንስቃለን።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አካባቢው ነፃ ከሆነ በኋላ ጥር ላይ ተመለስን። የሱቁ በር ተገንጥሏል። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሚዛኑ እንኳ የለም። ለአንድ የወልድያ ጅምላ አከፋፋይ የ84 ሺህ ብር ዕዳ አለብን። በደብተሩ ላይ ሰው ዘንድ ያለን 60 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል። ግን ማንን ጠይቀን እንቀበላለን? ሁሉም እንደኛው ነው፤ ማሽላው የደረሰው ሰው በሸሸበት ወቅት ነበር። ያን ሌሊት ሱቁ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሥራውን ትተን ወደ ከተማ ለመሄድ ተነጋግረን ነበር።

በማግሥቱ ወልድያ ሄደን አከፋፋዩን አገኘናቸው። የእሳቸውም መጋዘን ተዘርፏል። መክፈል አለመቻላችንን፣ ዕዳውን ግን አለመካዳችንን ነገርናቸው። ደብተራችንን አውጥተን ማን ስንት እንዳለበት አሳየናቸው። ገጹን አገላብጠው ካዩ በኋላ «አብሽሩ። እኔ ዘንድ እስካሁን የመጣችሁት እናንተ ሦስተኛ ናችሁ» አሉን። አዲስ ወረቀት ላይ ዕዳው በ18 ወር እንዲከፈል ተጻጻፍን። ሸቀጥ ግን አልሰጡንም፤ አልነበራቸውምና።

ከዚያ በኋላ በሐሳባችን የተመላለሰው የዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ከመካ ወደ መዲና ባዶ እጃቸውን ሲሰደዱ የመዲናው ወንድማቸው ሀብቱን እኩል ሊያካፍላቸው አቀረበላቸው። እሳቸው ግን ዱዓ አድርገውለት ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ፤ ደረቅ አይብና ቅቤ በመሸጥ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚቀረው በኋላ ባገኙት ሀብት ላይ ነው። ያኔ ግን ዐይናችን ያረፈው አይቡ ላይ ነበር። የቱን ሸቀጥ መጀመሪያ? እሳቸው የመረጡት ርካሽና በየቀኑ የሚበላ ነገር ነው።

በመሆኑም ከዘመድ በተበደርነው ጥቂት ብር ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማና ሳሙና ገዝተን በራሳችን ሱቅ ደጃፍ ጆንያ አንጥፈን ጉሊት ተቀመጥን። መብራት ስላልነበረ ሻማው በሁለት ቀን አለቀ። ዘይት ስናገኝ በሊትር መሸጡን ተውነውና በሩብ ሊትር፣ አንዳንዴም በቡና ሲኒ እንለካ ጀመር። ስኳር በግማሽና በሩብ ኪሎ፣ ሽንኩርት በመደብ። አንዳንድ ነጋዴ ጓደኞቻችን «ይህ ልፋት ነው፣ ክብርም የለውም» ይሉን ነበር። ግን የዕለት ምንዳ የሚያገኝ ሰው ኪሎ ስኳር ሊገዛ አይችልም፤ በየቀኑ ሩብ ሊገዛ ይችላል። በዚያ ላይ በትንንሹ ሲሸጥ በኪሎ ሲሰላ ዋጋው እጅግ እንዳይንር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድኻ ከሀብታም የበለጠ የሚከፍልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነውና፤ እኛም በመጀመሪያው ወር ሳናሰላው ቀርተን ተሳስተን ነበር። ሚዛን ስንገዛ ፊቱን ወደ ገዢው አዞርነው። ስለ ሚዛን አጉዳዮች የወረደ አል-ሙጠፊፊን የሚባል ሙሉ ምዕራፍ ባለበት ዲን ውስጥ ሆኖ ሚዛኑን ወደራሱ አዙሮ የሚመዝን ነጋዴ ይገርመናል።

ዱቤያቸውን ሊከፍሉ ከመጡት ብዙዎቹ ያልጠበቅናቸው ናቸው። አንዱ ግማሽ ጆንያ ማሽላ አመጣ። አንዱ «የለኝም፤ ግን አልካድኩም» ብሎ ሄደ። አንዲት እናት ግን አይረሱንም። የካቲት ላይ መጥተው ልጃቸው በጦርነቱ መሞቱን ነገሩንና «ስሙ ደብተራችሁ ላይ አለ?» አሉን። ነበረ፤ 340 ብር። «አውፍ ብለናል እናታችን» አልናቸው። «አውፍታችሁን አላህ ይቀበላችሁ። ግን ሱቃችሁን አይቻለሁ፤ እናንተም ባዶ ናችሁ። ልጄ ዕዳ ይዞ አይተኛም» አሉና 50 ብር አስቀመጡ። በየገበያ ቀኑ እንቁላል ሸጠው ሲመለሱ እየመጡ ሰኔ ላይ ጨረሱ። መጨረሻ ላይ ስሙን እንድንሰርዝ አስደርገው፣ መሰረዙን ለጎረቤት ልጅ አስነብበው ነው የሄዱት።

ደግ ደጉን ብቻ ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። በዚያው በ2014 ዓ.ም ክረምት ዘይት ጠፋ። ስድስት ጀሪካን ነበረን፤ ከአልጋ ሥር ከተን ዋጋው እስኪወጣ ልንጠብቅ ወሰንን። የአከፋፋዩ ዕዳ አለብን፣ ልጆች አሉን እያልን ራሳችንን አሳመንን። የሰባት ቤተሰብ እናት የሆነች ጎረቤታችን ስትመጣ «የለም» አልናት። ከሳምንት በኋላ ልጇ ከልጃችን ጋር ሲጫወት ቤት ገብቶ ኖሮ ጀሪካኖቹን አየ። እሷ ምንም አልተናገረችም። ሱቃችን መምጣት ግን ተወች። ኢሕቲካር ማለት ሌላ ሰው የሚሠራው፣ ትልልቅ መጋዘን ያለው የሚሠራው ይመስለን ነበር። ሄደን እውነቱን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናት። «አውቅ ነበር» አለችን፤ ቡናም አፈላችልን። ተመልሳ ደንበኛችን ሆናለች። ግን እስከ ዛሬ በዱቤ ወስዳ አታውቅም፤ ቆጥራ ከፍላ ብቻ ነው የምትሄደው።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እንደገና ሸቀጥ ማቆየት ግድ ሆነብን። ልዩነቱን ያወቅነው ያኔ ነው። አሁን የሃያ ቀን ሸቀጥ ብናስቀምጥ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል፣ በዕለቱ ዋጋ ይገዛዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ሱቃችን ውስጥ ክርክር ነበር፤ እኛም እርስ በርስ ተከራከርን። ከእኛ ሴቷ «በአሮጌ ዋጋ የገባ ሸቀጥ በአሮጌ ዋጋ ይሸጥ» አለች። ከእኛ ወንዱ «በዚያ ብር ነገ ግማሹን እንኳ መልሰን አንገዛም፤ ሱቁ ይዘጋል» አለ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲተምኑ ሲጠየቁ አለመተመናቸውን ያነበብነው ይህን ስንፈልግ ነው። ገበያው በራሱ ሲወጣ ነጋዴው አይኮነንም ማለት ነው፤ ሰውን አታልሎ ወይም ሸቀጥ ደብቆ ማስወደድ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጨረሻ ዘይቱን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን በደብተር ላሉ ደንበኞች ለየቤቱ አንድ ሊትር በአሮጌው ዋጋ፣ ቀሪውን በአዲሱ ዋጋ ብለን በካርቶን ላይ ጽፈን ለጠፍን። አንድ ሰው የጎረቤቶቹን ልጆች እየላከ አምስት ሊትር ሰብስቦ ማዶ ሸጠው። እንዲህም ይኖራል። የቀሩት ግን ዛሬም ያነሱታል፤ የወልድያውን ዕዳ ጨርሰን ስለነበርም ኪሳራውን ቻልነው።

ስለ ብድር የሚጠይቁንም አሉ። እንደ ዘምዘም ባንክ ያሉት ከወለድ ነፃ ባንኮች በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ሙራበሃ የሚለው ቃል ገበያ ውስጥ ተለምዷል፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮህ ይሸጥልሃል። ለአንድ ጉሊት ግን የባንክ በር ገና ሩቅ ነው፤ ዋስትና ይጠይቃል። የእኛ ምክር መጀመሪያ በሰው ዕቃ ሸጦ፣ በሰዓቱ መልሶ ስም ማግኘት ነው።

የወንድማችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አንድ ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣና አምና ሱቃችን ገባ። በስልክ ካየው ቪዲዮ የተማረውን የሽያጭ ንግግር ይዞ መጥቶ ነበር። ሽማግሌውን ሁሉ «ፋዘር፣ ዛሬ ምን ልርዳህ?» ይላል። አንድ የጊራና አዛውንት «እኔ አባትህ አይደለሁም፤ አንቱ በለኝ» ብለውት በሳቅ ልንሞት ደረስን። ለሁለት ወር ምንም እንዳይሸጥ፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ ቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ዕቃው ስንት ቀን እንደቆየለት ብቻ እንዲጠይቅ አደረግነው። ተሰላችቶ ነበር። በሦስተኛው ወር አንዲት ሴት ገና በሩ ላይ ሳለች «እትዬ፣ ሳሙናሽ ዛሬ ያልቃል መሰለኝ» ሲላት ሰማን።

አሁን የራሱን ሊጀምር ነው፤ ወልድያ ላይ፣ ያው አጎቱ የጀመረበት ገበያ። የአሮጌዋ ደብተር ገጽ ስላለቀ ባለፈው ሳምንት አዲስ ገዛን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የሱ ስም ነው፤ ሁለት ካርቶን ሳሙና፣ አንድ ካርቶን ክብሪት። ጽፈን አነበብንለት፤ ረቡዕ ጠዋት ሊመልስ ተስማማን። ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት እንዳይጮህም ነገርነው።