የእትዬ ደረጃ

ሚስማር መምረጥ እውቀት የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የእትዬ የጓሮ ደረጃ ሲበሰብስ ጣውላውን የቀየርኩላቸው እኔ ነኝ። ሚስማሩን ስገዛ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቀውንና ርካሹን አነሣሁ። ካርቶኑ ላይ «ጋልቫናይዝድ» ይላል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ደቡብ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ምድር ቤታቸውን ካከራዩኝ ስድስት ዓመት ሆነ። ስገባ፣ የዶክትሬት ጽሑፌን በሁለት ዓመት ጨርሼ እንደምሄድ ነግሬያቸው ነበር።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ አንዱ ደረጃ እግራቸው ሥር ተነቀለ። መደገፊያውን ይዘው ተረፉ። 75 ዓመታቸው ነው። «ምንም አልሆንኩም» ብለው ሻይ አፈሉልኝ። ጣውላውን ስገለብጠው ሚስማሮቹ ከጭንቅላታቸው በታች በዝገት ተበልተዋል።

ያን ሌሊት ስለ ሚስማር ሳነብ አደርኩ። የሚያብረቀርቀው በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የለበሰ ነው፤ ለቤት ውስጥ ሥራ ይበቃል። ሌላው 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ ቀልጦ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ነው፤ ግራጫ፣ ሻካራ፣ መልከ ጥፉ፣ ሽፋኑ ግን ወፍራም። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ ሳይሆን ቀድሞት በመበላት ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ ዕድሜው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የደጅ እንጨት በአርሰኒክ ፈንታ መዳብ በበዛበት መድኃኒት ይታከማል። እርጥበት ሲያገኝ መዳቡ ዚንኩን ቶሎ ያስጨርሰዋል። የሲያትል ዝናብ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው።

አዲስ አበባ ሳለን አባቴ ከአሮጌ ጣውላ የነቀለውን ሚስማር በጣሳ ያጠራቅም ነበር። እኔና ወንድሜ ድንጋይ ላይ አጋድመን በመዶሻ እናቃናዋለን። እኛ ቤት ሚስማር ይቃናል እንጂ አይመረጥም። ይህን ለራሴ ሰበብ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ግን አይሆንም። በሁለቱ ካርቶኖች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ዶላር ነው። እንደሚሄድ ሰው ነው የመረጥኩት፤ ዝገቱ ሲመጣ እዚህ አልኖርም ብዬ። ይኸው ግን አለሁ፤ ጽሑፌም አላለቀም።

ቅዳሜ ግራጫውን ገዝቼ መጣሁ። እትዬ በሩ ላይ ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። አምስት ሚስማር ስመታ አብረውኝ ቆጠሩ፦ «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ።»

«እትዬ፣ የእነዚህ የአምስቱ ቅንዋት ስሞች እኮ ከላቲን የመጡ ናቸው። በ79 እ.ኤ.አ. በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው ፖምፔይ ግድግዳ ላይ ተጭረው ተገኝተዋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው እሱን ጻፍና ጨርስ» አሉኝ። «አሁን ግን ጠበቅ አድርገህ ምታው።»

ሲያልቅ ሊሞክሩት ተነሡ። ከለከልኳቸው። መጀመሪያ እኔ ዘለልኩበት።