የኮሶን ዛፍ ስለ መትከል

ከደጋ ዛፎቻችን መካከል እንደ ኮሶ ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋር የተቆራኘ ጥቂት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን የሆድ ትል ለማስወጣት፥ አበባውን አድርቀውና ወቅጠው፥ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው ይጠጡት ነበር። ትሉም መድኃኒቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ምሬቱም ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። በልጅነቴ ሴት አያቴ የደረቀውን አበባ ከግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲያኖሩ አይቻለሁ።

ዛሬ ግን ክኒን ኮሶን ተክቷል። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳልና ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲረሳ እንጨቱ አልተረሳም፤ ቀይና ጠንካራ ስለ ሆነ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። እንግዲህ ዛፉ ቆራጩ ሳይቀንስ ጠባቂውን አጣ ማለት ነው።

ኮሶ በአፍሪካ ተራሮች ላይ ብቻ ይበቅላል፤ በወገኑም ውስጥ ሌላ ዓይነት ዛፍ የለም። ከጉለሌ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የገባውን ባሕር ዛፍ ለብሷል። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ከተማችንን እጅግ ጠቅሟል፤ የአገሩን ዛፍ ግን ሊተካ አይችልም።

ኮሶን ለማራባት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጠባዩን ይወቅ። ወንዱና ሴቲቱ ለየብቻ ናቸው፤ የሴቲቱ አበባ ቀላ ያለ ነው። ለመድኃኒት የሚለቀመው በተለይ የሴቲቱ ስለ ሆነ፥ ዘለላው ሁሉ ከተቆረጠ ዘር አይገኝም። ስለዚህ ጥቂቱ ዘለላ እስኪደርስ ይቆይ። ዘሩ ነፋስ የሚወስደው ደቃቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይቀመጥ ይዘራ፥ አፈርም በስሱ ብቻ ይነስነስበት። ችግኙ ብርሃን ወዳድ ነውና በጥቅጥቅ ጥላ ሥር አይተከል።

እኔም በጉለሌ ግቢዬ ውስጥ አምስት ችግኞች አሉኝ። አበባ እስኪያወጡ ድረስ ወንድና ሴታቸውን መለየት ስለማይቻል፥ አንድ ብቻ መትከል ለዘር ተስፋ አይሰጥም። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገራችንን ዕፅዋት ይጠብቃል፤ ሆኖም አንድ ማዕከል ብቻውን የደጋውን ሁሉ አይሸከምም። ሰፊ ግቢ ያላችሁ የደጋ ነዋሪዎች ሆይ፥ ጎረቤት ከጎረቤት ተመካክራችሁ ጥቂት ጥቂት ትከሉ፤ የአንዱ ግቢ ወንድ ለሌላው ግቢ ሴት ዘር ይሆናታልና።