የቆመ ሞተር ጠባቂ ይፈልጋል

ጥቅምት ሲጋመስ፣ ከሲያትል በስተሰሜን በምሠራበት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ስልክ ይበዛል። የሴስናና የፓይፐር አውሮፕላን ባለቤቶች ናቸው። «እስከ መጋቢት ስለማልበር ሞተሩን አዘጋጁልኝ» ይላሉ። ከጥቅምት በኋላ ያሉት ወራት እዚህ ጭጋግና ካፊያ ናቸው። ያደግሁባት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለችው ጂንካም ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች እርጥብ ከተማ ናት። በበልግ ይዘንብላታል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳርም ይደገምላታል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በጤዛ ይርሳል። ሁለቱም ቦታዎች ለዝገት የተመቹ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ሞተር ሲቆም በሚደረግለት ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በማርሚታ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስቶን ፋሻዎች በኩል ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ቀን እየሞቀ ሌሊት እየቀዘቀዘ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሚገኘው የላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ ከኮሎው በላይ ስለሆነ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝገት መጀመሪያ የሚይዘው እዚያ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ የዛገው ገጽ መላጥ ይጀምራል፤ ብናኙ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ኩሽኔታውን ይበላል።

ለዚህ ነው እዚህ ሞተር ማቆም ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው። አውሮፕላኑ መጨረሻ ላይ ሲበር ዘይቱ በደንብ እንዲሞቅ ይደረጋል። አሮጌው ዘይት አሲድና እርጥበት ይዟልና ገና ትኩስ ሳለ ይቀዳል፤ በምትኩ ዝገት ተከላካይ ዘይት ይሞላና ሞተሩ በእሱ ጥቂት ይሠራል። ቀጥሎ የላይኞቹን ካንዴላዎች እንፈታለን። በቀዳዳው ረጅም አፍንጫ ያለው መርጫ እናስገባና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግድግዳ በመከላከያው ዘይት እናርሳለን። የመጨረሻው ርጭት ካለቀ በኋላ ፕሮፔለሩን ማንም አይነካውም፤ አንድ ጊዜ ከዞረ ፋሻዎቹ ዘይቱን ከግድግዳው ይጠርጉታል። በካንዴላዎቹ ቦታ ሰማያዊ የሲሊካ ጄል ፍሬ የያዙ ግልጽ መሰኪያዎች ይገባሉ። ማርሚታው፣ የአየር ማስገቢያውና መተንፈሻው ይታሸጋሉ፤ ፕሮፔለሩ ላይ «አታዙሩ» የሚል ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወዲያ ሥራው ፍሬዎቹን እየተመላለሱ ማየት ነው። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ከተለወጠ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነውና መሰኪያው ይቀየራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለትንሽ ሞተር ብቻ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ብዙ አውሮፕላኖች ሲቆሙ፣ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በሐምሌ 2012 ዓ.ም. (ጁላይ 2020) አስቸኳይ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ለ7 ተከታታይ ቀናትና ከዚያ በላይ ሳይበሩ የቆዩ የቦይንግ 737 አውሮፕላኖች የሞተራቸው የአየር ቫልቭ ለዝገት ተፈትሾ እንዲነሡ የሚያዝ ነው። ትእዛዙ የወጣው በበረራ ላይ አንድ ሞተር የጠፋባቸው አራት አጋጣሚዎች ሪፖርት ከተደረጉ በኋላ ነው። ያን ያህል ግዙፍ ሞተር ለአንድ ሳምንት ቆሞ ፍተሻ ካስፈለገው፣ በየጓሯችን ወራት የሚቆመው ሞተር ምን እንደሚደርስበት መገመት አይከብድም።

ጂንካ ላይ የአውሮፕላን ሞተር ሲዝግ አላየሁም፤ ምክንያቱም አውሮፕላን እዚያ አያድርም ነበር። የድሮው የሣር ማረፊያ በከተማው መሐል ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ የሚግጡት ከብቶች እየተባረሩ ሜዳው ይለቀቅለት ነበር፤ ጭነቱንና ሰዎቹን አውርዶ ይመለስ ነበር። ዛሬ በአዲሱ የአስፋልት ማረፊያ ኪው400 አውሮፕላን እያረፈ ይነሣል። ዘወትር የሚሠራ ሞተር ዝገት አይደፍረውም። በየቀኑ የሚፈጨው የወፍጮ ሞተርም እንደዚሁ ነው። አገር ቤት አንድ ማሽን ብዙ ሰው ያገለግላልና ዕረፍት የለውም፤ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። እዚህ ግን የግል አውሮፕላን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ያሳልፋል፤ የማቆም ሙያ የዳበረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አገር ቤት የሚጎዳን ሳይታሰብ የሚመጣው መቆም ነው። ነዳጅ ይጠፋል፣ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፣ ወይም ፕሮጀክቱ ያልቃል። ሞተሩ ነገ የሚነሣ ይመስል እንዳለ ይተዋል፤ ነገ ግን ስድስት ወር ይሆናል። የወይጦና የኦሞ ወንዞች ዳር ፓምፖች፣ የጤና ጣቢያ ጄኔሬተሮች፣ ትራክተሮችም ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በዚህ መንገድ ነው። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የዳሰነች ገበሬ ከድሮ ጀምሮ ማሽላውን የሚዘራው የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በቀረው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። በወንዙ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ አመጣጥ ተለውጧል። በፓምፕ ለሚያጠጣ ቤተሰብ የዛገ ሞተር ያልተዘራ ማሳ ነው።

አባቶቻችን ከማቆሚያው ጥበብ አንዱን ያውቁታል። ወደ ላይ በቆመ የትራክተርና የወፍጮ ማርሚታ አፍ ላይ ባዶ ጣሳ ይደፋሉ። ትክክል ነው፤ ዝናብ አያስገባም። የሚጎድለው አየሩን መዝጋት ነው፤ ጣሳው ጠብታውን ይመልሳል እንጂ እርጥብ አየርን አያግድም።

ሌላ ልማድ ደግሞ እዚህም እዚያም አለ፦ በሳምንት አንዴ አስነሥቶ አምስት ደቂቃ «ሞቅ ማድረግ»። ከልብ የሚደረግ እንክብካቤ ቢሆንም ጉዳቱ ይብሳል። ዘይቱ ውሃውን አትንኖ ለማስወጣት ሳይደርስ ሞተሩ ይጠፋል፤ በየሳምንቱም አዲስ ውሃ ይጨመርበታል። ላይካሚንግ የሚመክረው በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያቋርጡ መብረርን፣ ዘይቱም ከ74 እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ነው፤ መሬት ላይ ማስነሣት ይህን አይተካም ይላል። ለፓምፕም ሐሳቡ ያው ነው፦ ካስነሣችሁት ጭነት ይዞ በደንብ እስኪሞቅ ይሥራ፤ ይህን የማታደርጉ ከሆነ አትንኩት።

አገር ቤት ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ውድ ዕቃ ሳያስፈልግ የሚሠራውን ልንገራችሁ። የናፍጣ ሞተር ከወር በላይ ሊቆም ከሆነ አሙቁትና ዘይቱን ቀይሩ፤ «ስናስነሣው እንቀይራለን» አትበሉ። ታንከሩን ናፍጣ ሙሉት፤ ባዶው ቦታ ጤዛ ይሠራል። በፓምፑ ሆድ የቀረውን ውሃ አውጡ፤ ባትሪውን ፍቱ። በአየር ማስገቢያው በኩል ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት አስገቡና ሳታስነሡ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከዚያ የአየር ማስገቢያውንና ማርሚታውን በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሞተሩን ከአፈር ወለል አንሥታችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት። የታሰረውን ሁሉና የቆመበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ማስነሻው ላይ አንጠልጥሉ፤ የሚያስነሣው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በውጭ ያለን ደግሞ ለፓምፕና ለጄኔሬተር ገንዘብ ስናዋጣ ዝገት ተከላካይ ዘይትና የሲሊካ ጄል ከረጢት አብረን እንላክ፤ ዋጋቸው ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም። በጂንካ ቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ወጣቶችም ይህን ሙያ በእጃቸው ሠርተው ቢማሩት፣ ደቡብ ኦሞን ለሚያክል ሰፊ ዞን ብዙ ሞተር ያድናሉ። ማሽን የሚያስረክብ ሁሉ ማስነሣቱን ብቻ አሳይቶ አይሂድ፤ እንዴት እንደሚቆምም አሳይቶ ያስረክብ።